የተቃጠለ ፍሪሲዮን ምን ይመሰክራል?

በዓመታዊው ስብሰባችን ላይ ንግግር እንዳደርግ በተጋበዝሁ ጊዜ፣ ስለ ታላላቅ ግድቦችና ስለ አዳዲስ ፋብሪካዎች የሚናገር ሰው እንደማይጠፋ በማሰብ፣ እኔ በሞተርና በካምቢዮ መካከል ተሸሽጎ ስለሚኖርና እስኪቃጠል ድረስ ማንም ስለማያስታውሰው መሣሪያ ለመናገር መረጥሁ። ይኸውም ፍሪሲዮን ነው። ስሙን ከጣሊያንኛ ወርሰነዋል፤ ትርጉሙም ሰበቃ ማለት ነው። ስለዚህ ስያሜው ራሱ የመሣሪያውን ምስጢር ይነግረናል። የመኪና ጉልበት በሙሉ፣ ከሞተሩ ተነሥቶ ጎማውን እስኪያዞር ድረስ፣ በሁለት ፊቶች መካከል ባለ ሰበቃ ላይ ተደግፎ ያልፋል ማለት ነው።

ይህን ርእስ የመረጥሁበት ሌላ ምክንያትም አለኝ፤ እሱም የራሴ ስሕተት ነው። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ብዙም ሳይቆይ በአንድ የጭነት ድርጅት የጥገና ክፍል ተቀጥሬ እሠራ ነበር። አንድ ቀን ሲሚንቶ ጭኖ ወደ ባሕር ዳር ይጓዝ የነበረ መኪና የዓባይን ሸለቆ ተሻግሮ ወደ ደጀን ሲወጣ ከመንገድ ቀረና ተጎትቶ መጣ። የፍሪሲዮኑን ቤት ስናስከፍተው ሸራው ከስሏል፤ ቮላኖው በሙቀት ብዛት ሰማያዊ ቀለም ይዟል፤ ሽታው ጋራዡን ሞልቶታል። ለእኔ ነገሩ ግልጽ መስሎ ታየኝ። ሪፖርቱን ጻፍሁ፤ በመጨረሻውም መስመር ላይ «ምክንያቱ የአሽከርካሪው አያያዝ ጉድለት ነው» ብዬ ፈረምሁ። ሾፌሩ በዕድሜ አባቴ ሊሆኑ የሚችሉ ሰው ነበሩ። ሪፖርቱ ሲነበብላቸው ብዙ አልተከራከሩም። «ኢንጂነር፣ መኪናው ከብዶት ነበር እንጂ እኔ አልበደልሁትም። ዳገቱ እኩሌታ ላይ ስደርስ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ግን አይሄድም። እግሬ ከፔዳሉ ላይ አልነበረም» አሉና ዝም አሉ። የመለዋወጫው ዋጋ ከደመወዛቸው በየወሩ እንዲቆረጥ ተወሰነ።

ታሪኩን ለጊዜው እዚህ ላይ አቁሜ፣ ያን ቀን ልጠይቀው ሲገባኝ ያልጠየቅሁትን ጥያቄ ዛሬ በእናንተ ፊት ልጠይቅ። ፍሪሲዮን የሚንሸራተተው ለምንድን ነው? የሚግለውስ ለምንድን ነው? ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ ይመስላሉ፤ ግን አንድ አይደሉም። እኔንም ያሳሳተኝ ሁለቱን አንድ አድርጌ ማየቴ ነበር።

በመጀመሪያ አሠራሩን በአጭሩ እንመልከት። ከሞተሩ ኮሎ ጫፍ ላይ ታስሮ የሚሽከረከር ከባድ የብረት ሰሃን አለ፤ እሱም ቮላኖ የምንለው ነው። ከቮላኖው ጋር ታስሮ አብሮት የሚዞር ሌላ የብረት ሰሃን አለ፤ መካኒኮቻችን እስፒንጂ ዲስኮ ይሉታል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል በሁለት ፊቱ ሸራ የለበሰ ቀጭን ዲስኮ ይገኛል፤ ይህ ዲስኮ ከካምቢዮው ዘንግ ጋር የተያያዘ ነው። ኃይለኛ ሞላ እስፒንጂ ዲስኮውን ወደ ቮላኖው ሲገፋው፣ በመካከል ያለው ዲስኮ እንደ ዳቦ መሐል ተጣብቆ ይያዛል፤ ሦስቱም እንደ አንድ አካል ይዞራሉ። ሾፌሩ ፔዳሉን ሲረግጥ ኩሽኔታው የሞላውን ጫፍ ይጫናል፤ ሞላውም ግፊቱን ይለቃል፤ ዲስኮውም ነፃ ይወጣል። ሸራ የሚለው ስም፣ ይህ ልብስ በጥንቱ ዘመን በእርግጥ ከተሸመነ ጨርቅ ይሠራ እንደነበር ያስታውሰናል። እንግሊዛዊው ኸርበርት ፍሩድ በ1897 እ.ኤ.አ. ፌሮዶ የተባለውን ድርጅት ሲመሠርት የፍሬን ልብስ ይሠራ የነበረው ከጨርቅ ነበር። ዛሬ በተራ አውቶሞቢል ላይ የምናገኘው ሸራ ቃጫ መሰል ክሮች፣ የብረት ብናኝና የማዕድን ዱቄት በሙጫ ተጣብቀው የተሠራ ነው። ይህን ሙጫ አስታውሱልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። ፍሪሲዮን ሳይንሸራተት ሊያስተላልፈው የሚችለው ጠምዛዥ ኃይል በአራት ነገሮች ብዜት ይገኛል፤ እነርሱም የሞላው ግፊት፣ የሸራውና የብረቱ የሰበቃ መጠን፣ የሸራው አማካይ ስፋት ከመሐሉ ሲለካ፣ እንዲሁም የሚፋተጉት ፊቶች ብዛት ናቸው። ለምሳሌ ያህል የአንድ መካከለኛ አውቶሞቢል ሞላ በ4,000 ኒውተን የሚገፋ፣ የሰበቃው መጠን 0.3፣ የሸራው አማካይ ራዲየስ 9 ሳንቲ ሜትር፣ ፊቶቹም 2 ቢሆኑ፣ ብዜቱ 216 ኒውተን ሜትር ይመጣል። የሞተሩ ከፍተኛ ጠምዛዥ ኃይል 150 ኒውተን ሜትር ነው እንበል። እንግዲህ ፍሪሲዮኑ ከሚፈለግበት ከ40 በመቶ በላይ የሚበልጥ ትርፍ አቅም አለው ማለት ነው። መሐንዲሶች ይህን ትርፍ የሚሰጡት ለቅንጦት አይደለም፤ ሸራው እንደሚያልቅ፣ ሞላውም እንደሚደክም፣ ሰውም እንደሚሳሳት ስለሚያውቁ ነው።

ይህ ትርፍ ግን በቀላሉ ሊጠፋ ይችላል። የሰበቃው መጠን ከ0.3 ወደ 0.2 ዝቅ ቢል አቅሙ 144 ኒውተን ሜትር ይሆናል፤ ሞተሩም ሙሉ ኃይሉን ሲሰጥ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። የሰበቃው መጠን ሳይለወጥ የሞላው ግፊት በሢሶ ቢቀንስም ውጤቱ ያው ነው። ይልቁንም ልብ ልንለው የሚገባ ሌላ ነገር አለ። ግፊቱ በአንድ ስድስተኛ፣ ሰበቃውም በአንድ ስድስተኛ ቢቀንሱ፣ እያንዳንዱ ጉድለት ለብቻው ሲታይ ቀላል ነው፤ ሁለቱ ሲደመሩ ግን አቅሙ በትክክል 150 ኒውተን ሜትር ላይ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ መኪናው በገደል አፋፍ ላይ እንደቆመ ሰው ነው፤ ትንሽ ነፋስ ይበቃዋል።

ስለሆነም ፍሪሲዮን የሚንሸራተትበት ምክንያት ከሦስት አይዘልም። አንደኛው ግፊቱ ሲያንስ ነው። ሞላው በሙቀት ሲልም፣ ሸራው አልቆ ሲሳሳ፣ ወይም ኩሽኔታው ፔዳሉ ሳይረገጥ ሞላውን ሲጫነው ይህ ይደርሳል። ሁለተኛው ሰበቃው ሲቀንስ ነው። ከሞተሩ ወይም ከካምቢዮው ፓራሊዮ የሾለከ ዘይት ሸራውን ሲነካው፣ ወይም ሸራው በሙቀት ተወልውሎ እንደ መስተዋት ሲያብረቀርቅ ይህ ይደርሳል። ሦስተኛው የሚተላለፈው ኃይል ከአቅሙ በላይ ሲሆን ነው። የሞተሩ ኃይል ከመጀመሪያው ንድፍ በላይ ሲጨመር፣ ወይም ሾፌሩ ሞተሩን አስጩኾ ፔዳሉን በድንገት ሲለቀው፣ የቮላኖው ክምችት ከሞተሩ ኃይል ጋር ተደምሮ ዲስኮውን ይመታዋል።

እዚህ ላይ በብዙዎቻችን ዘንድ የተለመደ አንድ አስተሳሰብ ማረም ይገባል። ጭነት መብዛቱ ብቻውን፣ ሙሉ በሙሉ የተያያዘን ጤነኛ ፍሪሲዮን አያንሸራትትም። ዳገቱ የቱንም ያህል ቢከብድ፣ በፍሪሲዮኑ በኩል የሚያልፈው ኃይል ሞተሩ ሊሰጥ ከሚችለው አይበልጥም፤ ከአቅም በላይ ሲሆንማ የሚጠፋው ሞተሩ ነው። ጭነት የሚጎዳው በመነሻ ጊዜ ነው፤ መኪናውን ከቆመበት ለማንቀሳቀስ የሚፈጀውን የመንሸራተት ጊዜ ስለሚያረዝመው። ስለዚህ እየተጓዘ ባለ መኪና ላይ፣ ፔዳሉ ሳይረገጥ ፍሪሲዮን ከተንሸራተተ፣ ጥፋቱን መጀመሪያ መፈለግ ያለብን ከመሣሪያው ውስጥ ነው። ይህን ዐረፍተ ነገር ያን ሪፖርት ስጽፍ ባውቀው ኖሮ እላለሁ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ፣ ወደ ሙቀቱ እንለፍ። በፍሪሲዮን ላይ በየሰከንዱ የሚፈጠረው ሙቀት፣ የሚተላለፈው ጠምዛዥ ኃይል በሁለቱ ፊቶች የፍጥነት ልዩነት ተባዝቶ የሚገኘው ነው። ይህ ብዜት ብዙ ነገር ያስተምረናል። ፔዳሉ ሙሉ በሙሉ ሲረገጥ የፍጥነት ልዩነት አለ፣ የሚተላለፍ ኃይል ግን የለም፤ ስለዚህ ሙቀት የለም። ፔዳሉ ሙሉ በሙሉ ሲለቀቅ ኃይል ይተላለፋል፣ የፍጥነት ልዩነት ግን የለም፤ አሁንም ሙቀት የለም። ሙቀቱ የሚወለደው በሁለቱ መካከል፣ በግማሽ መንገድ ላይ ብቻ ነው። ፍሪሲዮን መሻገሪያ ድልድይ ነው፤ ድልድይ ላይ ቤት ሠርቶ የሚኖር ሰው ግን ይጎዳል።

በግማሽ መንገድ ላይ መቆየት ምን ያህል እንደሚያስከፍል በምሳሌ ላሳያችሁ። ክብደቱ 1,200 ኪሎ ግራም የሆነ አውቶሞቢል በየ100 ሜትሩ 10 ሜትር ከፍ በሚል ዳገት ላይ ቆሟል እንበል። ሾፌሩ ፍሬን ከመያዝ ይልቅ፣ ብዙዎች «ባላንስ መያዝ» እንደሚሉት፣ መኪናውን በፍሪሲዮንና በነዳጅ አስተካክሎ በቦታው አቁሞታል። መኪናው ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት የሚያስፈልገው ኃይል 1,180 ኒውተን ያህል ነው። የጎማው ራዲየስ 30 ሳንቲ ሜትር፣ የአንደኛ ማርሽና የዲፈረንሻሉ ጠቅላላ ቅናሽ 14 ቢሆን፣ ፍሪሲዮኑ 25 ኒውተን ሜትር ያህል ተሸክሟል ማለት ነው። ይህ ከአቅሙ እጅግ ያነሰ ነው፤ ሾፌሩም መኪናው ምንም ያልከበደው ይመስለዋል። ነገር ግን ሞተሩ በደቂቃ 1,500 ጊዜ እየዞረ ዲስኮው ቆሟል። ብዜቱ ወደ 4 ኪሎ ዋት ይጠጋል። በየቤታችን እንጀራ የምንጋግርበት የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚወስደው ኃይልም ከዚህ ብዙ አይርቅም። እንግዲህ ያ ሾፌር ትራፊክ እስኪከፈትለት ድረስ፣ አየር እንደ ልብ በማይገባበት ጠባብ ቤት ውስጥ አንድ ምጣድ ጥዶ ይጠብቃል ማለት ነው። 15 ቶን የሚመዝን የጭነት መኪና በ7 በመቶ ዳገት ላይ እንዲሁ ቢቆም፣ የጎማው ራዲየስ 50 ሳንቲ ሜትር፣ ጠቅላላ ቅናሹ 40፣ ሞተሩም በደቂቃ 1,200 ጊዜ የሚዞር ሆኖ ሲሰላ፣ ሙቀቱ 16 ኪሎ ዋት ይደርሳል፤ ይህም ከአራት ምጣድ በላይ ነው።

ከመነሻ ጋር ስናነጻጽረው ነገሩ ይበልጥ ይጎላል። ያው አውቶሞቢል በሜዳ ላይ፣ ሞተሩ በደቂቃ 2,000 ጊዜ እየዞረ፣ በአንደኛ ማርሽ ሲነሣ በፍሪሲዮኑ ላይ የሚቀረው ሙቀት መኪናው ከሚያገኘው የእንቅስቃሴ ጉልበት ጋር እኩል ነው፤ ይኸውም 12,000 ጁል ያህል ይሆናል። ስለዚህ የአንድ ደቂቃ ባላንስ የሃያ መነሻ ያህል ሙቀት ያመነጫል። ሾፌሩ በቁጣ ወይም በጉራ ሞተሩን በእጥፍ አስጩኾ በ4,000 ቢነሣ፣ ሙቀቱ እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል፤ ጉልበት በፍጥነት ካሬ ስለሚያድግ። ማርሽ ለመቀየር ሰንፎ በሁለተኛ ማርሽ ቢነሣ፣ የሁለተኛው ማርሽ ጠቅላላ ቅናሽ 8 ነው ብንል፣ ሙቀቱ ሦስት እጥፍ ይሆናል። ብርቱ አነዳድ ፍሪሲዮንን የሚጎዳው እንግዲህ መኪናው በፍጥነት በመሮጡ አይደለም። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና ፍሪሲዮን ዕረፍት ላይ ነው። የሚጎዳው ከፍ ያለ የሞተር ዙር፣ የተሳሳተ ማርሽና በግማሽ መንገድ ላይ የሚባክኑ ሰከንዶች ናቸው። የፍሪሲዮን ዕድሜ የሚቆጠረው በኪሎ ሜትር ሳይሆን በእነዚህ ሰከንዶች ነው።

አገራችን በዚህ ረገድ የራሷ ባሕርይ አላት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ የጣርማበር ማለፊያም ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ስለሆነ፣ አየር መጫኛ የሌለው ሞተር ከኃይሉ ሩብ ያህሉን ያጣል። የፍሪሲዮኑ አቅም በዚህ አይቀንስም፤ እንዲያውም ሞተሩ ስለደከመ ተያይዞ ሳለ ይቀለዋል። ጉዳቱ የሚመጣው በመነሻ ላይ ነው። ሾፌሩ የጎደለውን ኃይል ለማካካስ ሞተሩን ይበልጥ ያስጮኻል፤ ፔዳሉንም በግማሽ መንገድ ላይ ይበልጥ ያቆየዋል። አየር መጫኛ ያለው ሞተርም ቢሆን በዝቅተኛ ዙር ላይ መጫኛው ገና ስላልነቃ በመነሻ ሰዓት ከዚህ ችግር ሙሉ በሙሉ አያመልጥም። በዚያ ላይ ቀጭኑ አየር ሙቀትን የማንሣት ችሎታው ያነሰ ነው። በዳገት ላይ በተሰለፈ ትራፊክ መካከል ቀኑን ሙሉ አንድ እርምጃ እየተራመደ የሚቆም ሚኒባስ ታክሲ፣ ይህን ሁሉ በአንድነት ይቀበላል። በሌላ አገር ሜዳ ላይ ለረጅም ጊዜ የሚያገለግል ፍሪሲዮን በእኛ ዘንድ ቶሎ ቢያልቅ፣ ዕቃው አይረባም ወይም ሾፌሩ አይረባም ከማለታችን በፊት መልክዓ ምድሩን ማሰብ ይኖርብናል።

ሙቀቱ ከመጣ በኋላስ ምን ያደርጋል? ቮላኖውና እስፒንጂ ዲስኮው አንድ ላይ 10 ኪሎ ግራም ያህል ብረት ቢሆኑ፣ የአንድ መነሻ ሙቀት በእኩል ቢሰራጭባቸው ሙቀታቸውን በ2.4 ዲግሪ ብቻ ከፍ ያደርገዋል። ይህ ምንም አይደለም። ነገር ግን ሙቀቱ በእኩል ለመሰራጨት ጊዜ ያስፈልገዋል፤ በመጀመሪያ የሚቀበለው የፊቱ ቀጭን ንጣፍ ነው። ተደጋጋሚ መነሻዎች ያለ ዕረፍት ሲከታተሉ ብረቱ የሚበርድበት ጊዜ ያጣል። ቀደም ሲል አስታውሱልኝ ያልሁት ሙጫ ሙቀቱ ከ250 እስከ 300 ዲግሪ ሲደርስ መበስበስና ጋዝ ማውጣት ይጀምራል። ያን የምናውቀውን የሚከረፋ ሽታ የሚሰጠው እሱ ነው። በሸራውና በብረቱ መካከል የገባው ጋዝና የተለቀቀው ሙጫ ሰበቃውን ይቀንሱታል። ሰበቃው ሲቀንስ ፍሪሲዮኑ ይበልጥ ይንሸራተታል፤ ሲንሸራተት ይበልጥ ይግላል፤ ሲግል ሰበቃው ደግሞ ይቀንሳል። ብረቱም በበኩሉ በየቦታው ሰማያዊ ነጥብ ያወጣል፤ ይሰነጠቃል፤ እስፒንጂ ዲስኮው ይጣመማል፤ ሞላው ጥንካሬውን ያጣል። ይህ ዙሪያ ጥምጥም አንዴ ከተጀመረ፣ ማን ጀመረው የሚለው ጥያቄ ከሚታየው ጉዳት ላይ ይጠፋል። መንሸራተቱ ሙቀቱን ወልዷል ወይስ ሙቀቱ መንሸራተቱን? በመጨረሻው ላይ ሁሉም አንድ ዓይነት ከሰል ነው።

አሁን ወደ ታሪኬ ልመለስ። አዲስ ሸራና አዲስ እስፒንጂ ዲስኮ ተገጥሞለት መኪናው በሌላ ሾፌር እጅ ወጣ። ጥቂት ወራት ሳይቆይ ያው መኪና፣ በዚያው በዓባይ ሸለቆ፣ በዚያው በደጀን አቅጣጫ ባለው ዳገት ላይ ቀረ። ሁለተኛው ሾፌር ጠንቃቃ ሰው መሆናቸው በድርጅቱ የታወቀ ነበር። ያን ጊዜ ደነገጥሁ። መኪናውን ከግቢ አስቀርተን፣ እንደገና አዲስ ሸራ አስገጥመን ጠዋት በብርዱ ፈተንነው፤ ምንም ጉድለት አልተገኘበትም። ጭነን ዳገት ላይ ካዋልነው በኋላ ስንፈትነው ግን ተንሸራተተ። ሲበርድ ደግሞ ዳነ።

ምክንያቱ የተገኘው ከፍሪሲዮኑ ቤት ውስጥ ሳይሆን ከፔዳሉ ሥር ነበር። ፔዳሉ የሚገፋው የላይኛው ፓምፕ፣ እግር ሲነሣ ዘይቱ ወደ መጠራቀሚያው የሚመለስበት ትንሽ ቀዳዳ አለው። ቀደም ሲል በተደረገ ጥገና የፓምፑ የግፊት ዘንግ ባዶ ጉዞ ሳይተውለት ተስተካክሎ ስለነበር፣ ፔዳሉ ሙሉ በሙሉ ሲነሣም ፒስተኑ ያን ቀዳዳ እንደሸፈነ ይቀራል። ጠዋት ይህ ምንም ጉዳት አያደርስም። በረጅም ዳገት ላይ ሞተሩና የፍሪሲዮኑ ቤት ሲግሉ ግን በቧንቧው ውስጥ የታሰረው ዘይት ይግላል፤ ሲግል ይሰፋል፤ መመለሻ ስላጣ የታችኛውን ፒስተን ይገፋል፤ እሱም ኩሽኔታውን በሞላው ላይ ይጭነዋል። በማይታይ እግር ፔዳሉ በጥቂቱ ተረግጧል ማለት ነው። እኒያ አዛውንት «እግሬ ከፔዳሉ ላይ አልነበረም» ያሉት ቃል በቃል እውነት ነበር። ጥገናው ሁለት ሚሊ ሜትር የማይሞላ ማስተካከያ ብቻ ፈጀ።

ሁለተኛ ሪፖርት ጽፌ የመጀመሪያውን ሻርሁ። የተቆረጠው ገንዘብ ለሾፌሩ ተመለሰላቸው። ስማቸው ግን እስከዚያ ድረስ በየጋራዡ «ፍሪሲዮን አቃጣይ» ተብሎ ሲነሣ ከርሟል፤ እሱን በደብዳቤ መመለስ አልተቻለም። ይቅርታ ልጠይቃቸው በሄድሁ ጊዜ ስለ ገንዘቡ አላነሡም። «መኪናው ቁልቁለት ላይ ሆኖ እንዲህ ቢያደርግስ ኖሮ?» ብለው ጠየቁኝ። ልክ ነበሩ። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው 40 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ መልሶ የሚወጣ ነው። በቁልቁለቱ ላይ የጭነት መኪና ፍጥነቱን የሚይዘው በሞተሩ ነው፤ ፍሪሲዮኑ ከተንሸራተተ ያ መያዣ ይላላል፤ ሸክሙ በሙሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል፤ ፍሬኑም በተራው ይግላል። እኔ የሚተካ ሸራ ዋጋ ስቆጥር፣ እሳቸው የሰው ሕይወት ይቆጥሩ ነበር።

ክቡራትና ክቡራን፣

ከዚህ ታሪክ የምወስደው ትምህርት በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጠቃለላል፤ የተቃጠለ ፍሪሲዮን መንሸራተቱን ይመሰክራል እንጂ ማን እንዳንሸራተተው አይመሰክርም። የሁለተኛውን ጥያቄ መልስ በዙሪያው መፈለግ የእኛ ግዴታ ነው። ፍሪሲዮን ተከፍቶ ሲታይ ቢያንስ የሚከተሉት ሊመረመሩና ሊመዘገቡ ይገባል። ሸራው ላይ የዘይት ምልክት አለ ወይ? ካለስ ከሞተሩ ነው ወይስ ከካምቢዮው? የሸራው ውፍረት ስንት ነው? ሁለቱ ፊቶች እኩል አልቀዋል ወይ? የሞላው ጣቶች ጫፍ በኩሽኔታው ያለ ልክ ተፍቋል ወይ? ተፍቆ ከሆነ፣ ኩሽኔታው ሳያቋርጥ ሲጫነው እንደኖረ ያመለክታል፤ ይህም የሾፌር እግር ወይም የማስተካከያ ጉድለት ሊሆን ይችላል። የፔዳሉ ባዶ ጉዞ ከመፈታቱ በፊት ተለክቷል ወይ? ዘይቱ ወደ መጠራቀሚያው ይመለሳል ወይ? ከሁሉም በላይ፣ መኪናው የተፈተነው በብርድ ብቻ ነው ወይስ ግሎም ጭምር? ጉድለቱ በሙቀት ጊዜ የሚገለጥ ከሆነ በብርድ የተደረገ ፈተና የሐሰት ምስክር ነው።

ለአሽከርካሪዎችም የምንመክረው አለን። መነሻ በአንደኛ ማርሽና በዝቅተኛ የሞተር ዙር ይሁን። በዳገት ላይ መኪና የሚቆመው በፍሬን እንጂ በፍሪሲዮን አይደለም፤ የእጅ ፍሬን የተሠራው ለዚህ ነው። ማርሽ ከተቀየረ በኋላ እግር በፔዳሉ ላይ አይረፍ። መንሸራተት መጀመሪያ የሚታወቀው በከፍተኛ ማርሽ ዳገት ሲወጡ ነው፤ የሞተሩ ድምፅ ከፍ ይላል፣ መኪናው ግን አይፈጥንም። ያን ጊዜ ነዳጅ መጨመር እሳቱን ማራገብ ነው። የሚሻለው ነዳጁን ቀንሶ ወደ ዝቅተኛ ማርሽ መውረድ ነው፤ በዝቅተኛ ማርሽ ያንኑ ዳገት ለመውጣት በፍሪሲዮኑ በኩል ማለፍ የሚኖርበት ጠምዛዥ ኃይል ያንሳልና። የሚከረፋው ሽታ ከመጣ፣ መንገድ በማይዘጋ ስፍራ ቆሞ፣ ማርሹን ነፃ አድርጎ፣ እግርን ከፔዳሉ አንሥቶ፣ ሞተሩን በዝቅተኛ ዙር እያስኬዱ ማብረድ ይገባል፤ የሚዞረው ቮላኖ አየር ያንቀሳቅሳልና። ሽታው ቢጠፋም መኪናው ሳይመረመር ወደ ረጅም ቁልቁለት መውረድ የለበትም።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን በማስታወስ፣ ፍሪሲዮን የሌላቸው የኤሌክትሪክ መኪናዎች እየበዙ ሲሄዱ ይህ ሁሉ ትምህርት ምን ይጠቅማል የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ቀድሞ የገቡት መኪናዎች ግን ዛሬም በየመንገዱ አሉ፤ ሲሚንቶውንና እህሉን የሚያመላልሱት ከባድ መኪናዎችም እንደዚሁ። ደግሞም ትምህርቱ ስለ ፍሪሲዮን ብቻ አይደለም። በማናቸውም መሣሪያ ላይ የመጨረሻው ጉዳት ጎልቶ ይታያል፤ የመጀመሪያው ምክንያት ግን ትንሽና ስውር ነው። ባትሪ ሲግልም፣ ሞተር ሲቃጠልም፣ ለሪፖርቱ የመጨረሻ መስመር የቀረበው ተጠያቂ ዘወትር መሪውን የያዘው ሰው ነው። እሱ ቅርብ ነው፤ ደካማ ነው፤ ለመክሰስም ይቀላል።

እኛ መሐንዲሶች በፊርማችን መኪና ብቻ ሳይሆን የሰው እንጀራም እንይዛለን። ስለዚህ «የአሽከርካሪው ጥፋት» ብለን ከመጻፋችን በፊት፣ ቢያንስ አንድ ጊዜ ከፔዳሉ ሥር ጎንበስ ብለን እንይ።